የማይታየው ገመድ፦ የጀበል ጃይስ ዚፕላይን የጉዳይ ጥናት

በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ሰሜናዊ ክፍል፣ በራስ አል ኻይማህ፣ በሀጃር ተራሮች ላይ የተዘረጋው የጀበል ጃይስ ዚፕላይን (ሰው በማሰሪያ ተንጠልጥሎ በተዳፋት ገመድ ላይ ቁልቁል የሚሄድበት መስመር) እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ሥራ ሲጀምር በጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብ ውስጥ በርዝመቱ ከዓለም አንደኛ ሆኖ ሰፈረ። የተመዘገበው ልኩ 2,831.88 ሜትር ነው። መነሻው ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ተሳፋሪው በሆዱ ተኝቶ፣ ጭንቅላቱን አስቀድሞ፣ በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ሸለቆውን ያቋርጣል። ሁለት ገመዶች ጎን ለጎን ስለተዘረጉ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሊነሡ ይችላሉ። የዋናው ገመድ ጉዞ የሚያበቃው ከመሬት 80 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በአየር ላይ በተንጠለጠለ መድረክ ላይ ነው፤ ከዚያ ተሳፋሪው ወደ ሁለተኛ፣ አጠርና ዘገም ወዳለ ገመድ ተዛውሮ ወደ መጨረሻው ማረፊያ ይደርሳል። መስመሩን የማንቀሳቀስ ኃላፊነት የተሰጠው በፖርቶ ሪኮ ተራሮች ላይ በተመሳሳይ ሥራ ልምድ ያካበተው ቶሮቨርዴ የተባለ ድርጅት ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ታኅሣሥ ወር ውስጥ፣ በዚሁ ገመድ ላይ አራት ሰዎችን የገደለ አደጋ ደረሰ። የሞቱት በዚፕላይኑ የተሳፈሩ ጎብኚዎች አልነበሩም፤ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ሠራተኞች ነበሩ።

ይህን መስመር ለጥናት የመረጥሁት በእነዚህ ሁለት ነገሮች ምክንያት ነው። ስለ ፈጣን ዚፕላይን የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በርዝመትና በፍጥነት አኃዝ ላይ ያተኩራል፤ አኃዞቹ ግን ሰው ለምን ይህን ያህል እንደሚደሰት አይነግሩንም። የጀበል ጃይስን መስመር ከመነሻው እስከ ማቆሚያው ስንከተለው ደስታው በዋናነት የሚመነጨው ተሳፋሪው እሱን የተሸከመውን ገመድ ከማየት ነፃ በመውጣቱ እንደሆነ እናያለን። የታኅሣሡ አደጋም የገመዱ አለመታየት ለሌላ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አሳይቷል።

መነሻው መድረክ

ሥራው የሚጀምረው ከሚዛን ነው። እንዲህ ባሉ ፈጣን መስመሮች ላይ ማንም ሰው ሳይመዘን አይነሣም፤ ክብደቱ ለመሣሪያው አቅም ብቻ ሳይሆን መጨረሻው ላይ በምን ፍጥነት እንደሚደርስ ለመገመትም ያስፈልጋል። ከሚዛኑ በኋላ የራስ ቁርና የዐይን መከላከያ መነጽር ይታደላል፤ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ፣ ቁልፍና ሳንቲም ሁሉ ይወጣል፤ ከዚያ ከትከሻ እስከ ጭን የሚደርስ፣ አካልን እንደ ጨቅላ አቅፎ የሚይዝ ማሰሪያ ይለበሳል።

ተሳፋሪው መድረኩ ላይ ሲደርስ ሠራተኞች አግድም ያስተኙታል። ማሰሪያው ከጀርባው በኩል በጠንካራ ቀበቶዎች ከገመዱ ላይ ከተቀመጠው መዘውር ጋር ይያያዛል። አንዱ ሠራተኛ እያንዳንዱን መቆለፊያ በእጁ ይዞ፣ ጎትቶ፣ ጥርሱ መግጠሙን በጣቱ ዳስሶ ያረጋግጣል፤ ሁለተኛው ሠራተኛ ደግሞ የመጀመሪያው የነካውን ሁሉ እንደ አዲስ ይነካል። ይህ ድግግሞሽ ለሚመለከተው ሰው ጊዜ ማባከን ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ሰው የሠራውን ስሕተት ራሱ ሁለተኛ ጊዜ ሲያየው ብዙውን ጊዜ ልክ ሆኖ ይታየዋልና፣ የሁለተኛው እጅ መኖር የሥርዓቱ ዋና አካል ነው።

በዚህ ቅጽበት የተሳፋሪውን ዕይታ እናስብ። ፊቱ ወደ መሬት ነው። ከአገጩ በታች የመድረኩ ጠርዝ ይታየዋል፤ ከጠርዙ በኋላ ምንም የለም። መዘውሩም ገመዱም ከጀርባው በላይ ስለሆኑ፣ የራስ ቁር ያጠለቀ ራሱን እስከ ቻለው ድረስ ቢያዞር እንኳ አያያቸውም። እጆቹ የሚይዙት ነገር የላቸውም። ሕይወቱን የያዘው ነገር ሙሉ በሙሉ ከዕይታው ውጭ ነው።

ተኝቶ መብረር የሚለውጠው ነገር

በተራ ዚፕላይን ላይ ሰው ተቀምጦ ነው የሚሄደው። መዘውሩ ከፊቱ ነው፤ ገመዱ ከራሱ በላይ ወደ ፊት ሲዘረጋ ያየዋል፤ እጁም አንድ ቀበቶ ወይም እጀታ ይጨብጣል። ያ እጀታ ከክብደቱ ምንም ላይሸከም ይችላል፤ ነገር ግን መጨበጡ ለአእምሮ ሥራ ይሰጠዋል። ሰው የጨበጠውን ነገር ራሱ የያዘው ይመስለዋልና፣ ፍርሃቱም ደስታውም በዚያ ጭብጥ ውስጥ ይታሰራል። ከዚህም በላይ ገመዱን የሚያይ ሰው መጨረሻውን ያያል፤ የሚሄድበትን መንገድ አውቆ ይሄዳል።

በጀበል ጃይስ ግን መንገዱ አይታይም። ተሳፋሪው ወደ ፊት ሲመለከት ሰማይና የተራራ ሰንሰለት፣ ወደ ታች ሲመለከት ደግሞ ውኃ የቦረቦረው ግራጫና ቡናማ ሸለቆ ብቻ ነው የሚያየው። በእኔ ግምት የዚህ ዓይነቱ መስመር ትልቁ የፈጠራ ሥራ የገመዱ ርዝመት አይደለም፤ ገመዱን ከሰው ዐይን ማስወገዱ ነው። ሰው ከጥንት ጀምሮ በሕልሙ የሚበረው ተቀምጦ፣ ከላይ ተንጠልጥሎ አይደለም፤ በሆዱ ተዘርግቶ ነው። ይህ አኳኋን ያንን የቆየ ምኞት በቀጥታ ይነካዋል፤ ከመስመሩ የወረዱ ሰዎች «በረርሁ» እንጂ «ተንሸራተትሁ» ማለት የማይቀናቸውም ለዚህ ይመስለኛል።

አኳኋኑ ከስሜቱ በተጨማሪ ለፍጥነቱም ወሳኝ ነው። ተቀምጦ የሚሄድ ሰው ደረቱን፣ ጭኑንና እግሩን ለነፋስ ይገልጣል፤ ጭንቅላቱን አስቀድሞ የተኛ ሰው ግን ነፋሱን የሚገጥመው በራሱና በትከሻው ስፋት ብቻ ነው። ተሳፋሪዎች እጃቸውን ከጎናቸው ወይም ከኋላቸው አድርገው እንዲጠብቁ የሚነገራቸው ለዚህ ነው። አንድ እጅ ወደ ጎን ሲዘረጋ የአየሩን ሚዛን ስለሚያዛባ አካልን ወደዚያው ጎን ያዞራል፤ ፍጥነትንም ይቀንሳል።

ፍጥነቱ ከየት ይመጣል

በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 41.7 ሜትር ነው። የአየር ተቃውሞና የመዘውሩ ሰበቃ ባይኖሩ ኖሮ ይህን ፍጥነት ለማግኘት 89 ሜትር ያህል ቁልቁል መውረድ በቂ ነበር። ተራራው ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ቁልቁለት የሚሰጠው ፍጥነቱን ለመፍጠር ብቻ አይደለም፤ የተፈጠረውን ፍጥነት አየሩ እንዳይበላው ለማድረግ ጭምር ነው። የአየር ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ በሰዓት ከ75 ወደ 150 ኪሎ ሜትር ያደገ ሰው የሚገጥመው ተቃውሞ ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቁልቁል የሚስበው ኃይልና ወደ ኋላ የሚገፋው አየር እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ የቱንም ያህል ቢረዝም በዚያው ተዳፋት ላይ ፍጥነቱ አይጨምርም። የርዝመት ክብረ ወሰንና የፍጥነት ክብረ ወሰን የተለያዩ ነገሮች የሚሆኑትም ለዚህ ነው። ርዝመት የሚጨምረው ቆይታን ነው።

ክብደት እዚህ ላይ ብዙዎች የማይጠብቁትን ሥራ ይሠራል። በነፃ መውደቅ ጊዜ ከባድና ቀላል ነገር እኩል ይወርዳሉ ተብሎ በትምህርት ቤት የተማርነው እውነት የሚሆነው አየር በሌለበት ነው። በገመድ ላይ 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 50 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ሰው ሁለት እጥፍ ይሳባል፤ የሁለቱ የትከሻ ስፋት ግን ሁለት እጥፍ አይለያይም። ስፋታቸው ጨርሶ እኩል ነው ብንል፣ የከባዱ ሰው ከፍተኛ ፍጥነት ከቀላሉ ሰው 1.4 እጥፍ ያህል ይሆናል። ስፋትም ከክብደት ጋር በመጠኑ ስለሚጨምር ልዩነቱ በተግባር ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም በአንድ መስመር፣ በአንድ ሰዓት፣ ጎን ለጎን የተነሡ ሁለት ጓደኛሞች አንደኛው ቀድሞ የሚደርሰው በድፍረቱ ሳይሆን በክብደቱ ነው።

ቆይታውን እናስላ። ሙሉውን 2,832 ሜትር በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት የሚያልፍ ሰው 85 ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህ ጊዜ አጭር ነው፤ ደግሞም ረጅም ነው። በአብዛኞቹ አጫጭር መስመሮች ላይ ሰው የመነሻው ድንጋጤ ሳይለቀው ማቆሚያው ይደርሳል፤ በ85 ሰከንድ ውስጥ ግን ድንጋጤው አልፎ ሌላ ነገር ለመተካት ጊዜ ያገኛል።

ዐይንና ጆሮ የሚናገሩት

ይህ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት አካል ፍጥነትን የሚያውቀው እንዴት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። የውስጠኛው ጆሮ የሚዛን ክፍል ፍጥነትን ራሱን አይለካም፤ የሚለካው የፍጥነትን ለውጥ ነው። በአውሮፕላን ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር እየሄድን ሻይ የምንጠጣው ለዚህ ነው። በዚፕላይንም ጆሮ አጥብቆ የሚናገረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ መያዣው ተለቅቆ አካል ወደ ፊት ሲወረወርና መጨረሻ ላይ ፍሬን ሲይዝ። በመካከል ያለው ሰፊ ጊዜ ለነፋሱና ለዐይን የተተወ ነው።

ዐይን ደግሞ በርቀት ይታለላል። በሰከንድ 41.7 ሜትር የሚሄድ ሰው ከጎኑ 20 ሜትር ርቆ የሚገኝ ዐለት ሲያልፍ፣ ዐለቱ በዐይኑ ፊት በሰከንድ 120 ዲግሪ ያህል ይሽከረከራል፤ ጥርት አድርጎ ለማየት እንኳ አይቻልም። ያው ሰው 800 ሜትር ጥልቀት ያለው ገደል ላይ ሲደርስ ከሥሩ ያለው መሬት በሰከንድ 3 ዲግሪ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ፍጥነቱ አልተቀነሰም፤ ዐይኑ ግን የቆመ ያህል ይሰማዋል። ስለዚህ በከፍተኛ ተራራ ላይ የተሠራ መስመር ሁለት የተለያዩ ደስታዎችን በተከታታይ ይሰጣል፦ መጀመሪያ የተራራው ትከሻ በቅርብ ሲሸሽ የሚመጣው ኃይለኛ የፍጥነት ስሜት፣ ቀጥሎ መሬቱ ከሥር ሲርቅ የሚመጣው ጸጥታ፤ በጆሮ የነፋሱ ጩኸት ብቻ እየተሰማ፣ ሰው ከምንም ጋር ሳይያያዝ በአየር ላይ ተንሳፍፎ የቆመ የሚመስልበት ጊዜ። መጀመሪያው ልብ የሚያስመታ ነው፤ እኔ ግን ሁለተኛው ይበልጣል እላለሁ። ገመዱ ቢታይ ኖሮ ይህ ሁለተኛው ስሜት አይኖርም ነበር።

ከመነሣት በፊት ያለው ፍርሃት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ዋልተር ፌንዝ እና ሲሞር ኤፕስታይን የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ በፓራሹት ዘላዮች ላይ ባደረጉት የታወቀ ጥናት፣ የጀማሪዎች የልብ ምትና ላብ እስከ መዝለያው ቅጽበት ድረስ እየጨመረ እንደሚሄድ፣ የባለ ልምዶቹ ግን ቀደም ብሎ ከፍ ብሎ መዝለያው ሲቃረብ እንደሚወርድ አሳይተዋል። ልምድ ፍርሃትን አያጠፋውም፤ ጊዜውን ቀደም ያደርገዋል። በጀበል ጃይስ ከሚነሡት ሰዎች መካከል አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሡ ስለሆኑ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል እንደ ጀማሪዎቹ ናቸው፤ ፍርሃታቸው የሚያርፍበት ቦታ መድረኩ ጠርዝ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት የመድረኩ ሠራተኛ ድምፅ፣ የንግግሩ እርጋታና የእጁ እርግጠኝነት ከመሣሪያው ያልተናነሰ ዋጋ አላቸው። ተሳፋሪው የሚያምነው የማያየውን ገመድ ሳይሆን የሚያየውን ሠራተኛ ነው።

ገመዱ፣ ሙቀቱና ማቆሚያው

ገመድን እስኪጠና ድረስ መወጠር ጥሩ ነገር ይመስላል፤ እውነቱ ተቃራኒው ነው። በ100 ሜትር ገመድ መካከል አንድ ሰው ተንጠልጥሎ ገመዱ 5 ሜትር ቢረግብ፣ በገመዱ ውስጥ የሚፈጠረው ውጥረት የሰውየውን ክብደት አምስት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ርግበቱ ወደ 2.5 ሜትር ሲወርድ ውጥረቱ አሥር እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ገመዱ እንዲረግብ መፍቀድ ጥንካሬውን መጠበቅ ነው። በዚህ ላይ ከ2.8 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ርዝመት ዋናው ጭነት ተሳፋሪው አይደለም። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ገመድ በየሜትሩ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ስለሚመዝን፣ ያን ያህል ርዝመት ያለው ገመድ ለብቻው ከ4 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር አንድ ሰው በጣም ትንሽ ጭማሪ ነው። ገመዱ በዋናነት የሚሸከመው ራሱን ነው።

ብረት በሙቀት ይለጠጣል። በየአንድ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚለጠጠው ከርዝመቱ ሚሊዮን እጅ 12 ያህሉ ብቻ ቢሆንም፣ በ2,832 ሜትር ላይ የ30 ዲግሪ የሙቀት ለውጥ ገመዱን አንድ ሜትር ያህል ያረዝመዋል፤ አንድ ሜትር የረዘመ ገመድ ደግሞ በመካከሉ ከአንድ ሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል። ሌሊቱ የሚቀዘቅዝ፣ ቀትሩ የሚያቃጥል ደረቅ ተራራ ላይ ያለ መስመር በጠዋትና በቀትር ትክክል አንድ ዓይነት አይደለም ማለት ነው። ነፋሱም እንዲሁ ነው፤ ከፊት የሚመጣ ነፋስ ቀላል ተሳፋሪን ከማቆሚያው በፊት ሊያስቀረው፣ ከኋላ የሚመጣው ደግሞ ከባድ ተሳፋሪን ከታሰበው በላይ ሊያፈጥነው ይችላል። ጎብኚዎች ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ መስመሩ ለነፋስ ሲባል መዘጋቱን ሲሰሙ ይበሳጫሉ። የምክንያቱን ክብደት የሚያዩት በመነሻው ሳይሆን በመድረሻው ነው።

መድረሻው የዚህ ሙያ እውነተኛ ፈተና ይመስለኛል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚደርስ ሰው የተሸከመው የእንቅስቃሴ ኃይል ከ39 ሜትር ከፍታ ወድቆ መሬት ሊነካ ከተቃረበ ሰው ኃይል ጋር እኩል ነው። ይህን ሰው በ39 ሜትር ርቀት ውስጥ ለማቆም ከመሬት ስበት እኩል የሆነ ግፊት ወደ ኋላ ሊያርፍበት ይገባል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲያንስ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ አስቀድሞ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ከወረደ ግን በዚያው ግፊት ለማቆም 10 ሜትር ይበቃል። የገመዱ ርግበት ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ የገመዱ ዝቅተኛ ቦታ ከመድረሻው ቀደም ብሎ እንዲውል ተደርጎ ሲዘረጋ ተሳፋሪው መጨረሻ ላይ በጥቂቱ ሽቅብ ይወጣል፤ መሬትም ራሷ የመጀመሪያዋ ፍሬን ትሆናለች።

የቀረውን ፍጥነት የሚወስደው ሜካኒካዊው ፍሬን ነው። በፈጣን መስመሮች ላይ ከተለመዱት ውስጥ በርካታ ተከታታይ ጥቅል ሞላዎች (ስፕሪንጎች)፣ ከገመዱ ላይ ተሳፋሪውን ተቀብሎ በሌላ ገመድ የሚጎተት መያዣ፣ እንዲሁም በማግኔት የሚሠራ ፍሬን ይገኙበታል። የማግኔቱ ፍሬን ምንም ነገር ሳይነካ ስለሚያቆም በሰበቃ አያልቅም፤ ፍጥነቱ በጨመረ መጠንም ኃይሉ ይጨምራል። ከዚህ ኋላ ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ባይሠራ ተሳፋሪውም ሠራተኛውም ምንም ሳያደርጉ በራሱ የሚይዝ የአደጋ ጊዜ ፍሬን መኖር አለበት። አንድን ዚፕላይን ለመገምገም የተጠራ ሰው ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቁ በፊት ይህን ሁለተኛ ፍሬን ቢያይ ጊዜው አይባክንም።

ታኅሣሥ 29

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 2018 የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ብሔራዊ የፍለጋና የነፍስ አድን ማዕከል ንብረት የሆነ ኤደብሊው 139 ሄሊኮፕተር በጀበል ጃይስ ከዚፕላይኑ ገመድ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት አራቱም ሰዎች ሞቱ። ከሩቅ የተቀረጸው ምስል በዓለም ሁሉ ተሰራጨ፤ ምስሉን ያየ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሄሊኮፕተሩ ምን እንደነካ ነው፤ ገመዱ በምስሉ ላይ ፈጽሞ ሊለይ አይችልምና። መስመሩ ከአደጋው በኋላ ተዘግቶ ቆይቶ ዳግም ሥራ ጀምሯል።

ስለዚህ አደጋ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም፤ መገንዘብ የሚቻለው ነገር ግን አለ። ሄሊኮፕተር አብራሪዎች ከሠለጠኑባቸው ዋና ነገሮች አንዱ በዝቅታ ሲበሩ ሽቦን ሳይሆን የሽቦን ምሰሶ መፈለግ ነው። ከተራራ ገጽ ጋር የሚመሳሰል ቀጭን ብረት ከአየር ላይ በዐይን አይያዝም፤ የኤሌክትሪክ መስመር ግን በየተወሰነ ርቀት ትላልቅ ምሰሶዎች ስላሉት ምሰሶውን ያየ አብራሪ በመካከሉ ሽቦ እንዳለ ያውቃል። ረጅም ዚፕላይን ይህ ምልክት የለውም። ከአንድ ተራራ ተነሥቶ እስከ ሌላው ድረስ ያለ አንዳች ምሰሶ ይሻገራል፤ ሁለቱ ጫፎቹም ከ2.8 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚራራቁ አብራሪው አንዱን እንኳ ቢያይ ገመዱ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። አንዳንድ ሄሊኮፕተሮች ከፊታቸው የሽቦ መቁረጫ ቢኖራቸውም፣ መቁረጫው የሚታሰበው 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ለሆነ ቀጭን ሽቦ ነው።

በኤሌክትሪክ ሽቦዎች ላይ የምናያቸው ቀያይ ኳሶች እዚህ በቀላሉ ሊሰቀሉ አይችሉም፤ ኳሱ ገመዱን ዙሪያውን ይዞ ስለሚጨበጥ መዘውሩ አያልፍበትም። የሚቀሩት መንገዶች ሌሎች ናቸው፦ ምልክቶቹን ብቻ የሚሸከም ሌላ ገመድ በትይዩ መዘርጋት፣ ጫፎቹን በደማቅ ቀለምና በመብራት ማሳየት፣ የገመዱን ሁለት ጫፎች ከነከፍታቸው በበረራ ካርታ ላይ ማስፈር፣ በአካባቢው የሚበሩ ድርጅቶችንም በስም ለይቶ ማሳወቅ። ምልክት የተሰቀለበት ተጨማሪ ገመድ ተሳፋሪው የሚያገኘውን ባዶ ሰማይ በመጠኑ ያበላሸዋል። ይህን ጉዳት ያለ ማመንታት የምቀበለው ነው። የበረራ ካርታው ግን ከተሳፋሪው ደስታ ምንም አይቀንስም፤ አዲስ ገመድ ከመወጠሩ በፊት፣ ገና ጫፎቹ የሚታሰሩበት ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ሊጠናቀቅ የሚገባው ሥራ ይህ ነው።

ከዚህ ሌላ በየዕለቱ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። ተራራ ላይ ሰው ሲወድቅ፣ መንገድ ሲጠፋው፣ ወይም አንድ ተሳፋሪ በነፋስ ምክንያት ከማቆሚያው በፊት ሲቀር፣ የሚጠራው ያው የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ነው። በዚያ ቀን የሞቱት አራቱ ሰዎች ለዚህ ሥራ የሚነሡ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ በመነሻው መድረክ ላይ ካለው ሠራተኛ ጀምሮ እስከ ነፍስ አድን ማዕከሉ የበረራ ክፍል ድረስ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ የሬዲዮ ግንኙነት ሊኖር ይገባል፤ ሄሊኮፕተር ወደ ሸለቆው እየመጣ መሆኑ ሲነገረውም የመድረኩ ሠራተኛ ተሳፋሪውን ከማሰሪያው ሳያወጣ ማስነሣቱን ያቆማል፤ ሁለቱ ገመዶች ያሉበትን ቦታና ከፍታ በቃሉ ለአብራሪው ይነግረዋል፤ አብራሪውም የሰማውን ደግሞ እስኪመልስለት ድረስ መድረኩ ላይ ያለው በር እንደ ተዘጋ ይቆያል።